ሁለተኛው ሪፖርት

እሳቱ ጠፍቶ፣ ቱቦው ተጠቅልሎ፣ መኪናው ውሃውን ሞልቶ ወደ ጣቢያ ከተመለሰ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል፤ ሪፖርት መጻፍ። ጥሪው በስንት ሰዓት መጣ? የመጀመሪያው መኪና በስንት ሰዓት ደረሰ? ስንት ሠራተኛ ተሰማራ? ምን ያህል ንብረት ወደመ፣ ምን ያህሉ ተረፈ? የሞተ ወይም የተጎዳ ሰው አለ? በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው ብሔራዊ የአደጋ መዝገብ ለእያንዳንዱ የአደጋ ዓይነት የራሱ ቁጥር ነበረው። የሕንፃ ቃጠሎ 111 ነበር። ሰው ሳይነካ ሳሎኑ የነደደበት ቤትም፣ ልጆች ከነእናታቸው ያለቁበት ቤትም በዚያው በ111 ይመዘገቡ ነበር።

በቅጹ ላይ ክፋት የለም። የተዘጋጀው ቀጣዩ ጣቢያ የት ይሠራ፣ የትኛው ሰፈር የውሃ መቅጃ ያጥረዋል የሚሉትን ጥያቄዎች ለመመለስ ነው። የሚሞላው ሰው ግን በቅጹ ውስጥ የለም። በጭሱ መካከል ግድግዳ እየዳበሰ የገባው፣ ሕፃን አቅፎ ደረጃ የወረደው፣ እናትየው ስትጮህ የሚላት ጠፍቶት የቆመው ሰው ፈርሞ ይወጣል፤ ስለ ራሱ የሚሞላው መስመር አይሰጠውም።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ያልተሰጠ መስመር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ላለፉት አርባ ዓመታት ገደማ አንድ ቀላል ጥያቄ ሲፈትሹ ቆይተዋል። አስከፊ ነገር የደረሰበት ሰው ለጥቂት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ያህል፣ የሆነውንና የተሰማውን ለራሱ ቢጽፍ ምን ይለወጣል? ዘዴውን ገላጭ ጽሕፈት እንበለው። ለእሳት አደጋ ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚበጅ ለመፍረድ የሚሠራበትን ምክንያት፣ የሚደክምበትን ቦታና የሚጎዳበትን ጊዜ አብረን ማየት አለብን። መጻፍ ብሶት ማስተንፈሻ ነው የሚለው የተለመደ አስተያየት ጥናቶቹ ፊት አይቆምም። ጥቅሙ የሚመጣው የተበጣጠሰ ትዝታ ተያይዞ ታሪክ ሲሆንና በታሪኩ ውስጥም ጸሐፊው ራሱ ሲገኝ ነው።

ዘግይቶ የሚመጣ ሕመም

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1983 በደቡብ አውስትራሊያና በቪክቶሪያ ግዛቶች የተነሣው ቃጠሎ 75 ሰዎችን ገደለ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሌክሳንደር ማክፋርሌን ያን እሳት የተዋጉ 469 ሰዎችን ከአደጋው 4፣ 11 እና 29 ወራት በኋላ እየተመለሰ አጠናቸው። የተገኘው ውጤት ብዙ የጣቢያ አለቆች ከሚገምቱት የተለየ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ደኅና የነበሩ አንዳንዶች በኋላ ታመዋል። የሌሎቹ ሕመም ደግሞ አንድ ጊዜ ሲበረታ ሌላ ጊዜ ጋብ ሲል ይታያል። ከዚህም ሌላ፣ ከሁሉም የባሰ የታመመው ሁልጊዜ ከእሳቱ ጋር ከሁሉም በላይ የተጋፈጠው አልነበረም። «በማግሥቱ ሥራ ገብቶ ሲስቅ አይቼዋለሁ» የሚለው የአለቃ ምስክርነት እንግዲህ ብዙ አያስተማምንም።

የዚህ ሙያ ጫና ከሌላው የሚለየው በመደጋገሙም ነው። ብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚገጥመውን ነገር እሳት አደጋ ሠራተኛው በየፈረቃው ሊያየው ይችላል። የነደደ ቤት፣ የተጨፈለቀ መኪና፣ የሰጠመ ልጅ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥሪ ይመጣል፤ የቀደመውን ለማሰብ ጊዜ የለም። በጣቢያው ውስጥ ነገሩ በቀልድ ይታለፋል፤ ለውጭ ሰው የሚከብድ፣ ለባልደረባ ግን የሚገባ ቀልድ። ቤት ሲገባ ሚስቱ «እንዴት ዋልክ?» ስትለው «ደኅና» ይላል፤ ያየውን ወደ ማዕዱ ማምጣት አይፈልግም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያድራል።

ማፈን ግን ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» አሏቸው፤ ባሰቡ ቁጥር ደወል እንዲመቱም አዘዟቸው። ደወሉ ዝም አላለም። በኋላ ማሰብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ቀድሞ ካልተከለከሉት ሰዎች የበለጠ ስለ ድቡ አሰቡ። ለነጭ ድብ እንዲህ ከሆነ የተቃጠለ ሰው ሽታ ምን ሊሆን ነው? በአሜሪካ የሩደርማን ፋውንዴሽን ያወጣው ጽሑፍ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2017 ራሳቸውን ያጠፉ 103 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲመዘገቡ፣ በግዳጅ ላይ የሞቱት 93 ነበሩ። የጭስ ጭንብልና እሳት የማይበላው ልብስ የሚከላከሉት ሁለተኛውን ቁጥር ብቻ ነው።

ዳላስ ውስጥ የተሠራ ሙከራ

ጄምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዳላስ በሚገኘው የሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር ነበር። ከዚያ ቀደም ባደረጋቸው ጥናቶች አስደንጋጭ ነገር የደረሰባቸውና ለማንም ያልተናገሩ ሰዎች ሐኪም ቤት የሚመላለሱት ከሌላው በላይ መሆኑን አስተውሎ ነበር። ምሥጢሩ ራሱ ሰውነትን የሚያደክም ከሆነ ማውጣቱ ሊያሳርፍ ይገባል ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመውን ሙከራ ከሳንድራ ቢል ጋር የሠራው ይህን ግምት ለመፈተን ነው።

46 ተማሪዎች በዕጣ በአራት ተከፈሉ። ሁሉም ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ቡድን ስለ ተራ ነገር ጻፈ፤ ስለ ጫማው፣ ስለ ክፍሉ። ሁለተኛው በሕይወቱ ስለ ደረሰበት ከባድ ነገር ስሜቱን ብቻ፣ ሦስተኛው ስለዚያው ዓይነት ነገር ድርጊቱን ብቻ፣ አራተኛው ድርጊቱንም ስሜቱንም አንድ ላይ ጻፈ።

ስለ ስሜታቸው የጻፉት እንደ ጨረሱ አልቀለላቸውም። ይባስ ብሎ አዘኑ፤ የደም ግፊታቸውም ከፍ አለ። ውጤቱ የታየው በኋላ ነው። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ድርጊቱንም ስሜቱንም አያይዘው የጻፉት ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። ድርጊቱን ብቻ የጻፉት ግን በአብዛኛው ስለ ጫማ ከጻፉት ብዙም አልተለዩም።

ይህ የመጨረሻው መስመር ለእሳት አደጋ ሠራተኛ ትልቅ ትርጉም አለው። የሦስተኛው ቡድን ጽሑፍ ማለት ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሆነው ነገር፣ የተወሰደው እርምጃ ማለት ነው፤ ማለትም እሱ በየፈረቃው መጨረሻ የሚሞላው ሪፖርት። እንግዲህ በሙያ ዘመኑ ስለ አደጋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ጽሕፈቱ ግን ለጤናው ስለ ጫማ ከመጻፍ አይሻልም።

ከዚያ በኋላ ሙከራው በየአቅጣጫው ተደገመ። እ.ኤ.አ. በ1988 ፔኔቤከር ከጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘርና ከሮናልድ ግሌዘር ጋር የ50 ተማሪዎችን ደም መርምሮ፣ ስለ ከባድ ነገር የጻፉት ሰዎች ነጭ የደም ሕዋሳት ባዕድ ነገር ሲገጥማቸው የተሻለ ምላሽ እንደሰጡ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ከሥራ የተቀነሱ አንጋፋ መሐንዲሶች ተጠኑ። ለአምስት ቀናት በቀን 20 ደቂቃ ስለ መባረራቸው የጻፉት ከወራት በኋላ ሲታዩ አዲስ ሥራ በማግኘት ካልጻፉት በልጠው ተገኙ። ከሌሎቹ የበለጠ ቃለ መጠይቅ አልገቡም። ተመራማሪዎቹ የገመቱት ቁጭታቸውን በወረቀት ላይ ስለ ጨረሱት አዲሱ ቀጣሪ ፊት ይዘውት እንዳልቀረቡ ነው።

ነገሩን ማጋነን ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆአን ፍራታሮሊ 146 ጥናቶችን ደምራ ስትመዝን ጥቅሙ እውነተኛ፣ መጠኑ ግን ትንሽ ሆኖ አግኝታዋለች። ትንሽ ጥቅም የሚናቅ አይደለም፤ ወጪው እስክሪብቶና ወረቀት ነውና። በዚያው ጥናት የተሻለ ውጤት የታየው ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ብቻቸውን ሆነው በጻፉ ሰዎች ላይ ነው። ጆሹዋ ስማይዝ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ተመሳሳይ ምዘና ደግሞ ወንዶች የበዙባቸው ጥናቶች የበለጠ ውጤት አሳይተው ነበር። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገ ሰው ሲጽፍ የሚያገኘው ፋታ ቢበልጥ አያስገርምም።

ከሽታ ወደ ታሪክ

ለምን ይሠራል? ፔኔቤከር መጀመሪያ «ማፈን አድካሚ ነው፤ ማውጣት ያሳርፋል» ብሎ ነበር። ቆይቶ ይህ እንደማይበቃ ገባው። ከባልደረቦቹ ጋር የሰዎቹን ጽሑፎች ቃል በቃል የሚቆጥር የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ ጤናቸው የተሻሻለውንና ያልተሻሻለውን ሲያነጻጽር አንድ ልዩነት ጎልቶ ወጣ። የተሻሻሉት ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን ወደ መጨረሻው ሲሄዱ እንደ «ምክንያቱም»፣ «ስለዚህ»፣ «ገባኝ»፣ «አሁን ሳስበው» ያሉ ቃላትን አብዝተው ተጠቅመዋል። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተሰደረ ታሪክ ይዘው የመጡት ያን ያህል አልተጠቀሙም። ጥቅሙ ያለው ከመበጣጠስ ወደ መያያዝ በሚደረገው ጉዞ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ፊሊፕ ኡልሪችና ሱዛን ሉትገንዶርፍ ለአንድ ወር ያህል ማስታወሻ ያስያዟቸው ተማሪዎችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። ስሜታቸውን ብቻ እንዲጽፉ የታዘዙት ከሌሎቹ ይልቅ የሕመም ስሜት ሲያበዙ፣ ስሜትን ከማሰብ ጋር ያያያዙት ግን ከደረሰባቸው ነገር አንዳንድ በጎ ነገር እስከ ማየት ደርሰዋል።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንሥራ። የሚከተለው የማንም ሰው ጽሑፍ አይደለም፤ ለዚህ ምዕራፍ የተዘጋጀ ነው። በመጀመሪያ ኦፊሴላዊው ሪፖርት፦

«ከሌሊቱ 8፡42 ጥሪ ደረሰ። 8፡51 ከቦታው ደርሰናል። ባለ ሁለት ክፍል መኖሪያ ቤት። እሳቱ 9፡30 በቁጥጥር ሥር ውሏል። አንድ ሟች፣ ወንድ፣ ዕድሜ 4 ዓመት ገደማ።»

ያው ሠራተኛ ከሁለት ወር በኋላ፣ በመጀመሪያው የጽሕፈት ቀን፦

«ሽታው። ልብሴን አጥቤው አልለቀቀም። በሩ እምቢ አለኝ። በሩ። ስሙን ትጠራለች፤ እኔም አሁን ስሙን አውቀዋለሁ፤ ማወቅ አልፈልግም ነበር። ዘጠኝ ደቂቃ። ብንፈጥን ኖሮ።»

በአራተኛው ቀን፦

«በሩ ከውስጥ በብረት መወርወሪያ ተዘግቶ ነበር፤ ይህን ያየሁት ከገባሁ በኋላ ነው። የውስጠኛው ክፍል ጣሪያ የወረደው ደግሞ ገና ሳንደርስ ነው። ስለዚህ በሩን በአንድ ምት ብሰብረውም ልጁን በሕይወት አላገኘውም ነበር። ይህን ጭንቅላቴ ያኔም ያውቀዋል። እናትየዋን ማየት ያቃተኝ ግን ልጁ የልጄ እኩያ ስለነበረ ነው። ያን ሰሞን ልጄ ሲመጣብኝ ለምን ገፋ እንዳደረግሁት አሁን ገባኝ።»

የመጀመሪያው ጽሑፍ ሰዓት አለው፤ ሰው የለውም። ሁለተኛው ሰው አለው፤ ቅደም ተከተል የለውም፤ ሽታው፣ በሩና ጩኸቱ ሁሉም አሁን እየሆኑ ነው። በሦስተኛው ግን በፊትና በኋላ ተለይተዋል፤ «ስለዚህ» የሚለው ቃል ገብቷል፤ ጸሐፊው ሊቆጣጠረው ይችል የነበረውንና የማይችለውን ለይቷል፤ ከእሳቱ ጋር የማይገናኝ የመሰለው የቤቱ ችግርም ምንጩ ታውቋል። ኀዘኑ አልጠፋም። ቦታውን ግን ይዟል፤ የሆነው ያኔ ነው፤ አሁን አይደለም።

ተሰብስቦ ማውራትስ?

«ለምን ብቻውን ይጽፋል፤ ከባልደረቦቹ ጋር አያወራም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይህም ተሞክሯል። ቀድሞ እሳት አደጋ ሠራተኛና የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ የነበረው ጄፍሪ ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ዘዴ አስተዋወቀ። ከከባድ አደጋ በኋላ ባሉት ቀናት ቡድኑ በክብ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ምን እንዳየ፣ ምን እንዳሰበ፣ ምን እንደከበደው በደረጃ ይናገራል። ዘዴው በብዙ አገሮች የእሳት አደጋና የፖሊስ ተቋማት በፍጥነት ተስፋፋ፤ በአንዳንዶቹም ግዴታ ሆነ።

ጥናቱ ግን ዘግይቶ ደረሰ። ብሪታንያ ውስጥ በእሳት የተቃጠሉ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ሙከራ፣ ከ13 ወራት በኋላ አንድ ጊዜ ተቀምጠው እንዲያወሩ ከተደረጉት መካከል 26 በመቶው ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚመጣው፣ ፒቲኤስዲ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ሲገኝባቸው፣ ካልተደረጉት መካከል የተገኘባቸው 9 በመቶው ብቻ ነበሩ። የኮክሬን ተቋም ጥናቶቹን ሰብስቦ ሲመዝንም የአንድ ጊዜ ውይይት ሕመሙን እንደሚከላከል ማስረጃ አላገኘም፤ ማስገደድም መቆም አለበት አለ። ይህ የተፈተነው በአብዛኛው በተጎጂዎች ላይ ነው፤ በቡድን በሠለጠኑ ሠራተኞች ላይ ውጤቱ ለዘብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በ67 የአውስትራሊያ በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ሠራተኞች ላይ የታተመ ጥናት ዘዴው የሕመሙን ምልክት እንደማይቀንስ፣ የአልኮል መጠጥን ግን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ከዚህ የምንማረው ማውራት መጥፎ ነው የሚል አይደለም። አደጋ ያለበት ጊዜውን ሰውየው ያልመረጠው፣ በአለቃ ፊት የሚደረግና በአንድ ቀን የሚያልቅ ንግግር ነው። የጓደኛውን ታሪክ መስማት ራሱ ሌላ ሸክም ይሆናል። መጻፍ እነዚህን ሁሉ ለጸሐፊው ይተውለታል፤ መቼ እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያቆም፣ ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነው እሱ ነው።

ብዕር ያነሡ እሳት አጥፊዎች

ሙያው ያለ ሳይንቲስቶች ምክርም ጸሐፊዎችን አፍርቷል። ዴኒስ ስሚዝ በኒውዮርክ ደቡብ ብሮንክስ፣ በከተማዋ እጅግ ሥራ ከሚበዛባቸው ጣቢያዎች በአንዱ የሚሠራ እሳት አጥፊ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ጣቢያው ባሳተመው መጽሐፍ በመላው ዓለም ታወቀ። በ1976 «ፋየርሃውስ» የተባለውን የሙያ መጽሔት መሠረተ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 መንትዮቹ ሕንፃዎች ሲፈርሱ፣ የኒውዮርክ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት 343 አባላቱን ባጣበት ቀን፣ ጡረተኛው ስሚዝ ሬሳ ፍለጋውን ተቀላቅሎ ቀጣዩንም መጽሐፍ ከዚያው ጻፈ። ላሪ ብራውን ደግሞ በሚሲሲፒ ግዛት ኦክስፎርድ ከተማ ከ1973 እስከ 1990 አገልግሎ፣ ሙሉ ጊዜውን ለድርሰት ሲል ሥራውን ለቀቀ፤ የጣቢያ ትዝታውንም ከዚያ በኋላ አሳተመ።

ሁለቱም የተነበቡት ለአንባቢ ስለ ጻፉ ነው። ገላጭ ጽሕፈት ግን ከዚህ በተቃራኒ መንገድ ይሄዳል። አንባቢ ሲኖር ሰው ራሱን ያሳምራል፤ ፍርሃቱን ይቀንሳል፤ ጀግናውን ያገዝፋል። ጽሕፈቱ ፈውስ እንዲሆን ከተፈለገ መጀመሪያ ማንም እንደማያነበው መታመን አለበት።

የሚጎዳበት ጊዜ

መጻፍ ለሁሉም፣ በማንኛውም ጊዜ መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 እስራኤል ውስጥ በ14 የፒቲኤስዲ ሕሙማን ላይ በተሠራ አነስተኛ ሙከራ፣ ስለ ደረሰባቸው ነገር የጻፉት ከሳምንታት በኋላ ብሶባቸው ተገኙ፤ ሐኪም ቤትም ከሌሎቹ በላይ ተመላለሱ። ሕመሙ ሥር ለሰደደበት ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቶ «ጻፍ» ማለት ቁስሉን ከፍቶ እንደ መተው ነው።

ሆኖም በሐኪም እጅ ሲሆን ጽሕፈቱ ራሱ ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ታይቷል። በቦስተን የሚሠሩት ዴኒስ ስሎንና ብራያን ማርክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ያስተዋሉት በየጊዜው ርእስ ከመቀያየር ይልቅ ወደ አንዱና ወደዚያው ክስተት እየተመለሱ መጻፍ እንደሚያሻሽል ነው። ከዚህ ተነሥተው አምስት ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚወስድ ሕክምና ቀረጹ። ታካሚው በእያንዳንዱ ለ30 ደቂቃ ይጽፋል፤ ባለሙያው መንገዱን ያሳየዋል፤ ጽሑፉን አንብቦም ለቀጣዩ ያዘጋጀዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በ126 ሰዎች ላይ የታተመው ንጽጽር ይህ ዘዴ 12 ክፍለ ጊዜ ከሚወስደው የታወቀ የንግግር ሕክምና እንደማያንስ አሳየ። ከንግግሩ ሕክምና 39 በመቶ ያህሉ ሲያቋርጡ፣ ከጽሕፈቱ ያቋረጡት 6 በመቶ ገደማ ነበሩ። በፈረቃ ለሚሠራና ማውራት ለሚከብደው ሙያ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ድንኳን ያልተጣለለት ኀዘን

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሠራተኞች ሥራ ከእሳት በላይ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ መኪና በማያሳልፍ መንገድ የታገሉት እነሱ ናቸው። ክረምት ሲገባ ከወንዝ፣ ከጉድጓድና ውሃ ካቆረ የድንጋይ ማውጫ የልጆችን አስከሬን የሚያወጡትም የኮሚሽኑ ጠላቂ ዋናተኞች ናቸው። ሬዲዮው ቦታውንና የሟቹን ዕድሜ ይነግረናል፤ ውሃው ውስጥ በእጁ ዳብሶ ያገኘውን ሰው ግን አንሰማም።

አገራችን ኀዘንን የምታስተናግድበት ብልሃት አላት። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ለሚገባው ሁሉ «እንዴት ሆነ?» ሲባል ይመልሳል። ጠዋት ለጎረቤት፣ ቀትር ላይ ለዕድሩ ሰዎች፣ ማታ ከክፍለ አገር ለመጣ ዘመድ። በመጀመሪያው ቀን በሳግ የተቆራረጠው ነገር በሦስተኛው ቀን መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ይዟል። ስሎንና ማርክስ በቤተ ሙከራ ያገኙት፣ አንዱን ክስተት ደጋግሞ የመተረክ ጥቅም፣ በድንኳን ሥር ሳይታወቅ ይፈጸማል። ልጁን ከጉድጓድ ያወጣው ሠራተኛ ግን የሟች ዘመድ አይደለም። ድንኳን አይጣልለትም፤ «እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠየቅም ለሪፖርቱ ነው። ነፍስ አባት ያለው ለነፍስ አባቱ ይናገር ይሆናል፤ ግን ይህ ኃጢአት አይደለምና ከየት ጀምሮ እንደሚናዘዘው ይቸገራል። የጽሕፈቱ ቦታ እዚህ ላይ ነው።

እንዴት ይጻፋል?

ደንቡ ጥቂት ነው። ከአደጋው ማግሥት አይጀመርም፤ ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት ይለፉ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለእንቅልፍ፣ ለምግብና ለቤተሰብ ናቸው። ተረኛ ባልሆኑበት ቀን፣ በር ዘግቶ፣ መጠጥ ሳይቀምሱ፣ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ይጻፋል፤ ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት፣ ስለ አንድ ክስተት። ስለ ፊደል ስሕተት መጨነቅ አያስፈልግም። የሚጻፈው በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ያ ካልመጣም አፍ ላይ በመጣው ነው። ምን እንደሆነ፣ ያኔ ምን እንደተሰማዎት፣ ከዚያ ወዲህ በቤትዎና በሥራዎ ላይ ምን እንደለወጠ ይጻፉ። ብዕር የሚከብደው በስልኩ ድምፁን ይቅዳ፤ ለመቅረጫ መናገርም ተመሳሳይ ጥቅም እንዳለው ተፈትኗል።

የተጎጂዎችን ስምና አድራሻ አይጻፉ፤ ታሪኩ የእርስዎ ቢሆንም ምሥጢሩ የእነሱም ነው። ሲጨርሱ መቅደድ፣ መቆለፍ ወይም ማቃጠል ምርጫዎ ነው። ጽፈው ለአንድ ሰዓት ያህል ቢከፋዎ የሚጠበቅ ነው። እየጻፉ መቆጣጠር ካቃተዎ ግን ያቁሙ፤ ፔኔቤከር ራሱ የሚመክረው ይህን ነው። ቅዠቱ ከወር በላይ ከቆየ፣ ያለ መጠጥ እንቅልፍ ካልመጣ፣ መሞት ከተመኙ ደብተሩን ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

የማን ኃላፊነት ነው?

ይህን ምዕራፍ የሚያነብ የጣቢያ አለቃ «ርካሽ ነገር ተገኘ» ብሎ ደብተር ሊያድል ይችላል። ደብተር ማደሉ ባልከፋ፤ ግን ሦስት ነገር ይጠንቀቅ። መጻፍን ግዴታ ካደረገው በግዳጅ ውይይት ላይ የታየው ስሕተት ይደገማል። ደብተሩን ከሰበሰበው ወይም ካነበበው የተጻፈው ሁሉ ወዲያው ወደ 111 ቅጽ ይለወጣል። በደብተሩ ምክንያት የባለሙያ ምክር አያስፈልግም ካለ ደግሞ በጠና የታመመውን ሰው ብቻውን ይተወዋል።

ከአለቃ የሚጠበቀው ጊዜ መስጠት፣ የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ማዘጋጀትና ለከበደው ሠራተኛ ስሙ በጣቢያው ሳይነሣ የሚያየው ባለሙያ ማግኘት ነው። ሠራተኛው ሲጽፍ ሕመሙ የመጣው ካየው ሞት ሳይሆን ከተበላሸ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ውሃ ከሌለው መቅጃ ወይም እረፍት ከሌለው ፈረቃ መሆኑን ሊደርስበት ይችላል። ያን ጊዜ በራሱ ፈቃድ ከደብተሩ አውጥቶ ወደ አለቃው የሚያመጣው ጉዳይ ይኖረዋል። ለዚያ ጉዳይ የሚሰጠው መልስ ሌላ የጽሕፈት ቀን መሆን የለበትም፤ መሣሪያውን መጠገን ነው።